የመጥረጊያው እንጨት

ጥቅምት 4

እንዴት እንደሚያሳፍር! ዛሬ እንቁላል የጠበስኩት ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በስልኩ መብራት ነው። ለሃጬ መጥበሻው ላይ ጠብ... ይሄ ለማን ይወራል? ባሌ ግን ሙልጭ አድርጎ በላው። "ዛሬ ደግሞ ጨው አበዛሽ" አለኝ። ሳቄን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

የኩሽናው መብራት እምቢ ካለ ሰነበተ። አምፖሉ አይደለም፣ መስመሩ ነው። ኤሌክትሪሺያን እንጥራ ስል "እኔ እያለሁ?" ይላል። ሹፌር ነው እንጂ... ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ከላያችን ያለችው ጎረቤቴ "ኢንጂነሩ" ብላ ሰይማዋለች። እኔ ደግሞ እሷን ሬዲዮ ነው የምላት። ሰፈሩ ዜና የሚሰማው ከሷ ነዋ።

ጥቅምት 6

ዕቃ ልንገዛ ሄድን። ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ እየዞሩ መስመር ይዘረጉ ነበር አሉ።

"ምድጃም የምታስገባ ከሆነ ባለ ሦስት ሽቦውን ውሰድ ልጄ። አረንጓዴው ወደ መሬት የሚወርደው ነው። እሱን ከተውክ አንድ ቀን የምድጃው ብረት ራሱ ይይዝሃል።"

ባሌ ሳቀ። "ሁለቱ ይበቁኛል አባባ። ሦስተኛው ለእርስዎ ገበያ ነው።"

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። "አንቺም ስሚኝ ልጄ። ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅሽ እንዳትነኪ፣ አብረሽው ትቀሪያለሽ። ደረቅ እንጨት አንስተሽ መምታት ነው። ሳትሳሺለት።"

"እሷ?" አለ ባሌ። "እሷ እኮ ዝንብ እንኳ መትታ አታውቅም!"

ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምኑ እንዳሳቀኝ እንጃ።

ጥቅምት 11

መብራት ገባ! ግድግዳው ተቦርቡሮ አቧራው ስኳሩ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል... ይሁን። ብቻ አንድ ነገር አለ። የፍሪጁን መስመር ከመብራቱ ማብሪያ ላይ ነው የቀጠለው። መብራቱን ሳጠፋ ፍሪጁም ጸጥ። "ታዲያ አታጥፊዋ!" አለኝ። ይኸው ኩሽናችን ቀን ከሌት ቦግ እንዳለ ነው።

ሬዲዮ ልታይ ወረደች። አበራች፣ አጠፋች፣ አበራች። "ኢንጂነር፣ በሩን ስንከፍት ደግሞ ቧንቧው ይፈሳል?"

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። የሷን ሳቅ አልፎ የኔን ነው የሰማው። እሷ እንደወጣች በፀጉሬ ይዞ ግንባሬን ከአዲሱ ማብሪያ ጋር አጋጨው። "ሳቂ እንጂ! ሳቂ!" ደጋገመው። አሁን ግንባሬ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት አለ። የማብሪያው ጠርዝ ቁጭ ብሎ።

ጥቅምት 13

ፀጉር ቤት ላሉት ባልደረቦቼ "የቁም ሳጥን በር ነው" አልኳቸው። ፀጉሯን የምሠራላት ደንበኛዬ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አየችኝ።

"እኔም ቤት እንደዚህ ዓይነት ቁም ሳጥን ነበረ" አለች። "ኋላ ፈታሁት።"

የፀጉር ማድረቂያውን ከፍ አደረግኩት። ሌላ እንዳትጨምር።

ጥቅምት 18

በልማድ መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። ወተቱ ተበላሸ፣ ሥጋው ሸተተ። ቀበቶውን ፈታ...

ጀርባዬን ማስደገፍ ስላቃተኝ ቆሜ ነው የምጽፈው። ምን ዓይነት ሴት ናት ለአንድ ሊትር ወተት የምትገረፍ? አይ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለአንድ ሊትር ወተት ሚስቱን የሚገርፍ? ጥያቄውን ሁልጊዜ አዙሬ ነው የምጠይቀው።

"አንድ ቀን እገድልሻለሁ" አለኝ፣ ቀበቶውን መልሶ እየታጠቀ። ልክ ዳቦ ግዢ እንደሚል ሰው። ሳይጮህ።

ጥቅምት 20

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መጣ። የምድጃውን አረንጓዴ ሽቦ በፒንሳ ቆርጦ ጣለው። ሰካው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሊያስጠጋው በቀኝ እጁ ብረቱን ጨበጠ፣ በግራው የውሃውን ቧንቧ ተደገፈ...

ድምፁ ተቀየረ። ጩኸት አይደለም። እንደ ሞተር። ጣቶቹ ምድጃው ላይ ቀሩ፣ ጥርሱ ተገጠመ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው።

ሶኬቱ ከሱ ጀርባ ነው፣ አልደርስበትም። መጥረጊያውን አነሳሁ። እንጨቱ ወፍራም ነው፣ ደረቅ። ባለ በሌለ ኃይሌ ክንዱን መታሁት። ምድጃውን ለቀቀና ወለሉ ላይ ተዘረረ። ይተነፍሳል። አየሁት፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል።

ደግሜ መታሁት።

ሦስተኛው ላይ አጥንቱ ቀጭ አለ። ያን ጊዜ ነው የቆምኩት። ሮጬ ወጥቼ ቆጣሪውን አጠፋሁ፣ "ድረሱልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ያን ድምፅ ባልሰማስ...?

ጥቅምት 22

ሐኪሙ "አንቺ ነሽ ያተረፍሽው፣ አጥንት ይገጥማል" አለኝ። ሬዲዮ ሙሉ ቀን ስርጭት ላይ ናት። "ባሏን ከሞት አፍ ነጠቀች!" ዳቦ ሻጩ ሳይቀር ጀግናዬ ብሎ ጠራኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ትሑት ናት አሉ ደግሞ!

እሱ ወደ ቤት ተመልሷል። ቀኝ ክንዱ በሙሉ ጄሶ ነው። ቤት ስጠርግ ዓይኑ መጥረጊያውን ይከተላል።

ኅዳር 9

ሽቦ ሻጩን ሽማግሌ አስመጣኋቸው። ማንንም አላስፈቀድኩም። አረንጓዴውን ሽቦ አስገቡ፣ ፍሪጁን ለብቻው አደረጉት። ከሄዱ በኋላ መብራቱን አጠፋሁ... ፍሪጁ ማንኮራፋቱን ቀጠለ! እንደ ሕፃን አበራሁ አጠፋሁ፣ አበራሁ አጠፋሁ። ባሌ ከበሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። እኔ ግን አላቆምኩም።

ኅዳር 28

ነገ ጄሶው ይፈታል።

ምሳ ላይ ሥጋውን እየቆረጥኩለት ጠየቀኝ።

"ስንት ጊዜ ነው የመታሽኝ?"

"ሦስት።"

"ኮረንቲው የለቀቀኝስ?"

"በመጀመሪያው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "አውቃለሁ" አለ። "ሁለተኛው ላይ ነቅቼ ነበር።"

ቢላዋው እጄ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ወደሱ ገፋሁት።

"ታዲያ ለምን አቆምሽ?"

"ሲሰበር ሰማሁ። አንተ ሰምተህ አቁመህ ታውቃለህ?"

ምግቡ ቀዘቀዘ። "እጄ ይዳን ብቻ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ይዳን ብቻ ምን? ሊነዳ? ወይስ...?

ሻንጣዬ ሬዲዮ ቤት ነው። ነገ ሌላ ከተማ ያለችው እህቴ ጋ የሚወስደኝን አውቶቡስም ጠይቃልኛለች። ሁሉንም ለሬዲዮ ነገርኳት፣ ግንባሬን፣ ጀርባዬን፣ ሦስቱንም ምት። ይህችው ሴት እስካሁን ለአንድ ሰው እንኳ አላወራችም!

አልጋው ሥር ደብቄው የነበረውን መጥረጊያ ወደ ኩሽና መልሼዋለሁ። በእንጨት መኖር አልፈልግም። ያች እጅ ነገ ትፈታለች። የሚሆነውን እጽፋለሁ፣ ወይ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ወይ እህቴ ቤት። የቱ እንደሆነ የሱ እጅ ነው የሚወስነው...

አይ። እንደገና አዞርኩት። እህቴ ቤት ነው የምጽፈው።