ስለ አሚና ወገብ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ሀብተሚካኤል፣ በካርቱም አል-ሳሃፋ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ በራስዎ ሹመት ደግሞ የዮጋ መምህር፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎ፣ እንደ ወትሮው የጸና እንዲሆን ልባዊ ምኞቴ ነው። ዮሳቤጥ እባላለሁ፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ፣ እዚህ ልብስ እሰፋለሁ። ካፉሪ ሰፈር በአንድ ቪላ በቤት ሠራተኝነት ታገለግል የነበረችው የወሎዋ አሚና ዓርብ ዓርብ የምታርፈው እኔ ክፍል ነበር፤ ዛሬ ግን በእርስዎ በጎ ፈቃድ ሳምንቱን ሙሉ እኔው ጋ ተኝታለች። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ቢሮዎ መጥቼ ላመሰግንዎ በሞከርኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው።

አንደኛ፦ ቆማ ስትተኩስ፣ ጎንበስ ብላ ስትወለውል ወገቧን ላመማት ልጅ «ጀርባ የሚያማችሁ እህቶች ለዮጋ ኑ» የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። እዚህ አገር ስለ ወገቧ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ እንደሆኑ በደስታ ነግራኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ አሚና ለዮጋው ማኅበሩ በመጣችበት ዓርብ የክብር እንግዳ ስለመጡ ሰውነት ማሟሟቂያው በንግግርዎ ተተክቶ፣ ጉልበት ሥር የሚነጠፉት ፍራሾችም ታጥፈው የእንግዳውን ወንበር ሲያለሰልሱ በማየቴ እንግዳ አክባሪነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። አሚና ባዶ ሴራሚክ ላይ ተንበርክካ፣ ደረቷን ወደ ላይ ከፍታ፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ ተረከዞቿን እንድትይዝ ታዘዘች፤ የግመል አቋም ይሉታል። ክቡርነትዎ ከስልክ ያጠኑትን ትምህርት ኋላ እኔም አየሁት። የምታስተምረው ሴትዮ መጀመሪያ ሰውነት ይሟሟቃል፣ ጀማሪ እጁን ከወገቡ አያነሳም፣ አንገት ወደ ኋላ አይጣልም፣ ካመመ ወዲያው ይተዋል ትላለች። ምናልባት እዚያ ላይ ሲደርሱ ኔትወርክ ተቋርጦብዎት ይሆናል።

አሚና ጣቶቿ ተረከዟ ሳይደርሱ «ጋሼ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ፣ ይብቃኝ» አለችዎ። እርስዎም በአባታዊ ርኅራኄ «ያላ፣ አይዞሽ፣ ለፎቶው ትንሽ ብቻ» ብለው ትከሻዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉላት። «ያ ረቢ!» ብላ ስትወድቅ በር ላይ ቆሜ ነበር። እንግዳው ያጨበጨቡት አቋሙ እንደዚያ የሚያልቅ መስሏቸው ነውና አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን «ማሌሽ፣ ምንም አይደል» ብለው ወደሚቀጥለዋ ልጅ አለፉ፤ እኔና ጎረቤቴ ኒዕማ ደግፈን በረክሻ ባጃጅ ወደ ክሊኒክ ወሰድናት።

ሐኪሙ የወገቧ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል፣ ቀዶ ጥገናው እዚህ አይሞከርም አለን። ወደ ሌላ አገር እንዳትሄድ ፓስፖርቷ ማዳሟ እጅ ነው፤ ማዳሟ ደግሞ በቦታዋ ሌላ ልጅ አስገብታ ስልክ አታነሳም። ግራ እግሯ ደንዝዟል። ከሁሉ የከበዳት ሥራ ማጣቷ እንኳ አይደለም፤ ስትሰግድ ግንባሯን መሬት ማስነካት አለመቻሏ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች፤ ከጨረሰችም በኋላ ፊቷን ሸፍና እዚያው ትቆያለች። ለእናቷ በስልክ «ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ስትል እኔ ዓይኔን ከስፌቴ አላነሳም።

ሦስተኛ፦ ማኅበሩ ይደግፋት ብዬ በሰው ባስጠይቅዎ «በገዛ ፈቃዷ ነው የተለጠጠችው» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር «ይብቃኝ» ማለት ፈቃድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ይህ ደብዳቤ እግሯን እንደማይመልስላት አውቃለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላዋ ልጅ አመመኝ ስትል እጅዎን ይሰብስቡ። ይህንንም ያደርጋሉ ብዬ ተስፋ አላደርግም።

ጀርባቸውን ለአመራርዎ ያስረከቡ እህቶችን ሁሉ ወክዬ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣

ታዛዥዎ ዮሳቤጥ
አል-ሳሃፋ፣ ካርቱም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ከማኅበሩ ተደውሎ አሚና የዮጋ ተሳትፎ ሰርተፊኬቷን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጥታ በአካል እንድትወስድ ተነግሯታል። ስልኩን ዘግታ «ሲሰጡኝ መቆም አለብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።