የአባቴ ሌንስ ዱብሉቅ ጉድጓድ ውስጥ

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ካሜራው አላነሳም አለ። «ሌንስ አልተገጠመም» ይላል፤ ሌንሱ ግን አፍንጫው ላይ ተቀምጧል። አዲሱ ሚረርለስ ካሜራዬ የአባቴን የድሮ የሩስያ ሌንስ አላውቀውም ማለቱ ነው። ሁለቱን እንዲያገጣጥም መሃላቸው የገባው ቀለበት፣ አዳፕተሩ፣ ባዶ ብረት ነው፣ ወሬ አያቀባብልም። አንድ ሰዓት ከሜኑው ጋር ታግዬ «ያለ ሌንስ አንሳ» የምትለዋን አገኘኋት። ጠቅ አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ይህ ሁሉ ለሎኮ አባት ነው። ሎኮ ነገሌ ከተማ ውስጥ ከስቱዲዮዬ ጎን ፋርማሲ አላት። አባቷ ኦቦ ጃርሶ ዱብሉቅ ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ውሃ ሲያወጡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ትከሻቸው እምቢ ስላለ ዘንድሮ መጨረሻቸው ነው። ዝናብ ከጣለ ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ጉድጓዱ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ አይወርዱም። እሷ የምትፈልገው እዚያው ውስጥ ሆነው አንድ ፎቶ። ባለፈው ወር በካሜራው የራሱ ሌንስ ሞክሬ ነበር፤ ሁሉም ወይ ጥቁር ወይ የተንቀጠቀጠ። የአባቴ ሌንስ ከሱ የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ፍላሽ አይታሰብም። የተጠማ ከብት ከደነበረ ሰው ይረግጣል።

ማክሰኞ፣ ዱብሉቅ

ከሎኮ ጋር ደረስን። የውሃ ተራ ከሚያስከብሩት ሽማግሌ ጋር በቦረናው ሰላምታ ናጋ ተባባልን። ሌንሱን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ይበርቃል?»

«አይበርቅም አባባ።»

«እንግዲያ ውረድ።»

ሰዎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን በዘፈን ይቀባበላሉ። ኦቦ ጃርሶ ከላይ ናቸው፣ እኔ ከሳቸውም በላይ። በቀትር እንኳ ታች ጨለማ ነው። ፎከሱ በእጅ ነው፤ አዙሬ ሳልጨርስ ሰውየው ጎንበስ ብለዋል። ስልሳ ፎቶ አነሳሁ። ጥርት ብሎ የወጣው አንድ ባልዲ ብቻ። ከራሴ ጋር ተጣልቼ ዋልኩ።

ረቡዕ

ዛሬ ዘፈኑን ሰማሁት። ባልዲው ኦቦ ጃርሶ እጅ የሚደርሰው ሁልጊዜ ዘፈኑ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ማሳደዱን ተውኩ። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ፎከሱን ባልዲውን የሚቀበሉባት ቦታ ላይ አቁሜ፣ ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ ተጫንኩ። መጣልኝ! ላባቸው፣ ሽበታቸው፣ የተጨማደደው ግንባራቸው። ዙሪያው በሙሉ ደብዝዞ ቀልጧል። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ሲወጡ ሎኮም ባለችበት አሳየኋቸው። ብዙ አዩት።

«ቦሩ የታለ?» ከታች ባልዲ የሚያቀብላቸው ነው።

«ይሄ ጥላ እሱ ነው።»

«ሰው ብቻውን ውሃ ያወጣል እንዴ? ይሄ ውሸት ነው። አጥፋው።»

እሺ አልኩ። በጣም ከፋኝ።

ሐሙስ

ደመና። ፀሐይ ብልጭ ስትል እወርዳለሁ፣ ስትጠፋ እቀመጣለሁ። የሁሉም ፊት ጥርት ብሎ እንዲገባ ቀዳዳውን ማጥበብ ግድ ነው፤ ካጠበብኩት ይጨልማል፤ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ አይኤስኦውን፣ ካናርኩት ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ሌላ ምርጫ የለኝም፣ አናርኩት። ቀትር ላይ አንዲት ደህና ወጣች። እያፈርኩ አሳየኋቸው።

ኦቦ ጃርሶ ፎቶው ላይ በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ። «ቦሩ። ዋሪዮ። ጋልማ።» ከሥር ያለው ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። «ጎዳና» አሉ እሱንም በስሙ። ከዚያ «ዱጋ፣ ይሄ እውነት ነው።» የራሳቸውን ፊት ያዩት አልመሰለኝም። ደስ አለኝ፣ ከትናንቱ ይልቅ።

ዓርብ

ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። ጠዋት ሽማግሌው ጉድጓዱ ተዘግቷል አሉ። የአምስቱን ፎቶ ለአምስቱም አጥቤ እንድልክ ተስማማን፤ ኦቦ ጃርሶ እጄን ይዘው መረቁኝ።

ከሎኮ ጋር ወደ ነገሌ ተመለስን። መኪና ውስጥ «የረቡዑን አጠፋኸው?» አለችኝ።

«ገና።»

«እንዳታጠፋው። የአባዬን ፊት እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ለሳቸው ግን አትንገራቸው።»

እሺ አልኳት። ለሳቸውም እሺ ብያለሁ። ቤት ከገባሁ ሦስት ሰዓት ሆኖኛል፣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ካርድ ከካሜራው አላወጣሁትም።