የአባዬ አምባር በእማዬ እጅ

ውድ አባዬ፣

ስልክህን ስላጠፋኸው ይህን በድሮ ባልደረባህ፣ በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ። አስቀድሜ ልብህን ላሳርፍልህ፦ እማዬ አልሞተችም። ሆስፒታል ተኝታለች፣ ትናገራለች፣ አንተን ትጠይቃለች። ጎረቤታችን ግን "ደጃፍ ላይ ኩርምት ብሎ፣ እኔ ነኝ የጎዳኋት ይላል" አለችኝ። በል እንግዲህ የሆነውን ከኔ ስማ፤ ከፊሉን አንተም አታውቀውም።

ልብህን እንዲጠብቅ ያን አምባር እጅህ ላይ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። "ሰላዩ" አልከው። በተነሳህ ቁጥር እየጮኸ ተቀመጥ ሲልህ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ደግሞ እኔን አምባር ይንዳኝ?" ብለህ አሳቅኸን። እኔ ግን ተማመንኩበት። የምሠራበትን ክፍል አይተኸዋል፤ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው በሙሉ ስክሪን ነው። አለቃችን "በአሥር ዓመት ውስጥ ሆስፒታል የሚባለው ለቀዶ ጥገና ብቻ ይቀራል፤ አልጋው እያንዳንዱ ሰው ቤት ነው" ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። መኪና የማይደርስበት የምትኖር ነፍሰ ጡር ደም ግፊቷ ሲያሻቅብ እዚሁ ወንበሬ ላይ ሆኜ አይቻለሁ፤ እናትም ልጅም ተርፈዋል። ቢሆንም የበሽተኛ ግንባር በእጄ ከነካሁ ቆየሁ። ይህ ያስፈራኛል።

አምባሩ ስክሪኔ ላይ የሚልከውን ያንተን የልብ ምት መስመር ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከዚያ ልብህ ምት መዝለል ጀመረ። ሐኪሙም በስክሪን አይቶ መድኃኒቱን ጨመረልህ።

ያን ጠዋት ስደውል ድምፅህ ደክሞ ነበር።

"ራሴን አዞረኝ፤ ጋደም ብያለሁ" አልከኝ።

ስክሪኑ ግን ደረጃ እየወጣህ ነው ይላል።

"እማዬስ?"

"ልብስ ልታሰጣ ጣሪያው ላይ ወጥታለች።"

"አባዬ፣ አምባሩ የት ነው?"

"እሷ ጋ ነው" አልክ። "እኔ ሳወልቀው እሷ ታስረዋለች። ስክሪኑን ባዶ ሆኖ ስታይ ልጄ ትደነግጣለች ብላ እኮ ነው።"

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል! ይዘል የነበረው የእማዬ ልብ ነው፤ አንተ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለህ በሷ ልብ ምት የተጨመረውን መድኃኒት ስትውጥ ከርመሃል። አልዋሽህም፣ በሁለታችሁም ተናድጃለሁ። ልቧ ስክሪኑ ላይ ሲዘል እያየሁ ወዲያው አምቡላንስ ጠራሁላት።

ግን ይህን ልብ በል። እሷን ማንም መርምሯት አያውቅም። ደረቷን ሲወጋት "ጨጓራዬ ነው" ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ እኔ ነርሷ ልጇም አምኜያታለሁ። አምባሩን ባታስረው ኖሮ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቃ ነበር የምናገኛት። አጥፍተሃል፣ እሱን አልክድልህም። ጎዳኋት ማለትህን ግን ተው።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ነገ ወደ ቤት ይልኳታል። አለቃችን ያለው ደርሶ የተኛችበት ክፍል ሊዘጋ ነው፤ የልብ ቀዶ ጥገና ተራዋ እስኪደርስ ቤቷ ትጠብቅ ተብሏል። ሐኪሟን እስካሁን በአካል አላየችውም። ጎማ ባለው ስክሪን አልጋዋ ድረስ እየመጣ ያናግራታል። "ጨዋ ልጅ ነው፤ ቁጭ በል የማይሉት እንግዳ ሆነብኝ እንጂ" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል።

ፈቃድ ጠይቄ የሚተካኝ ሰው ስላልተገኘ እስከ ቅዳሜ አልደርስም። እስከዚያ ሆስፒታሉ መኝታ ቤታችሁ ነው፤ ነርሷም አንተ ነህ። ሁለት አምባር ይሰጧታል፤ የየራሳችሁን እሰሩ። ያንተን ልብ እኮ ስንት ጊዜ ሙሉ ማንም አላየውም! መድኃኒትህን ወደ ድሮው መጠን መልሰነዋል። እማዬ ልብስ እንዳታጥብ፣ ደረጃም እንዳትወጣ። እምቢ ትላለች፣ ታውቃታለህ። ተቆጣት።

እኔ ከዚህ ሆኜ ሁለታችሁንም አያለሁ። ልቧ አንድ ምት ቢዘል ካንተ ቀድሜ አውቃለሁ። ግን አባዬ፣ ብትወድቅ በስክሪኑ ውስጥ እጄን ሰድጄ ላነሳት አልችልም። ፈርቻለሁ። ተነስና ሂድ፣ አምጣት።

እስክደርስ አደራ፣

ልጅህ