እንግዳ ሳይበላ አይጠየቅም

ይድረስ ለባለቤቴ ለአያሌው፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ አለሁ፣ መኖር ከተባለ። አባቴ ቄሱ ፊደል ስላስቆጠሩኝ፣ የልቤን ለጎረቤት ከማወራው ለአንተ ልጻፈው አልኩ።

ጣልያኖች ያቃጠሉትን ቤት ወንድምህ መልሶ ከደነልኝ። ቦራውን በሬ ግን ነድተው አርደው በሉት። ልጃችን የሺ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት፣ ያን ጊዜ ዞር ብዬ አለቅሳለሁ። ተዝካርህንም እንደ አቅሜ አወጣሁ።

የከፋብኝ የሰው ወሬ ነው። «አያሌውን እንግዳ ገደለው» ይላሉ። ምን ያድርጉ፣ እውነት ነው። ያ ሰው ከደምበጫ መጣሁ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ ሲል እግሩን አጥበህ መደብህን ለቀቅህለት። ማንነቱን ጠይቀው ብዬ በዓይኔ ብጠቅስህ «እንግዳ ሳይበላ አይጠየቅም» ብለህ ተቆጣኸኝ። እሱ እየበላ ጓዳ የደበቅነውን ቁስለኛ አርበኛ አይቶት ኖሯል። ለካ ባንዳ ነው! በሳምንቱ ወታደር ይዞ መጣና ሁለታችሁንም ወደ ማርቆስ ነዷችሁ። የምቀብረው አስከሬን እንኳ ነፈጉኝ። አያሌው፣ ተናድጄብህ ነበር፤ አሁንም አንዳንድ ቀን እናደድብሃለሁ።

ወንድምህ ከእንግዲህ እዚህ ቤት መንገደኛ አያድርም ብሎ ማለ፤ እኔም እሺ አልኩ። ባለፈው ሰሞን ግን ዝናቡ ሲወርድ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! መሽቶብኝ ነው፣ አሳድሩኝ» አለ። ወንድምህ ዱላውን ይዞ «አገርህ የት ነው? የማን ወገን ነህ?» እያለ ያፋጥጠው ጀመር። ሰውየው በብርድ አፉ ተሳስሮ መመለስ አቃተው። ያን ጊዜ ቤቴ የሰው ቤት መሰለኝ።

«ተወው፣ መጀመሪያ ይብላ» አልኩት። ውሃ አሙቄ እግሩን አጠብኩት። እያጠብኩት የማስበው ያንን ባንዳ ነበር። ልቤ አልወደደውም፣ ግን አጠብኩት።

በልቶ ሲያበቃ ወንድምህ ሊጠይቀው ተመቻቸ። እንግዳው ግን ቀደመው፤ «እንድመርቅ፣ ይህ የማን ቤት ነው?» አለኝ።

«የአያሌው ቤት ነው» አልኩት።

«አያሌውን ያኑርልሽ» አለ።

ወንድምህ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ አሜን አልኩ።

ነገ በራፌ ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እፈራለሁ። ቢሆንም አልረሳህም። በዚህ ደጅ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ በልቶ ሲመርቅህ፣ ሞቷል ብዬ አላርመውም።

ሚስትህ ጥሩወርቅ