አሥራ አንድ ገጽ ክርክር እና አንድ ከረጢት ደም

ለተከበሩ የ«ማንጎ ጥላ» የውይይት መድረክ ዋና አወያይ፣
«ኦጋ ሰላም» በሚለው የመድረክ ስምዎ ለምናውቅዎ፣
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም በሥርዎ ያሉት ረዳት አወያዮችም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ የተሟላ፣ መብራትዎ የማይቆራረጥ፣ የደም ግፊትዎም ልኩን የጠበቀ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በቤንዌ ወንዝ ዳር ባለችው በማኩርዲ ከተማ ዋዳታ ሰፈር የምኖር፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የማስተምር፣ በመድረክዎም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ምርጫና ስለ ኳስ ስከራከር የኖርኩ ቴርኩላ ኢዮርሄሜን ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሰኞ ከእርስዎ ዘንድ የደረሰኝ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ነው። መልእክቱ እንደሚለው፣ የከፈትኩት ርዕስ በወሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተነበበ ሆኖ በመገኘቱ ከተራ አባልነት ወደ ወርቅ አባልነት ከፍ ብያለሁ፤ ከስሜም ጎን አንዲት ትንሽ ቢጫ ዘውድ ተቀምጣልኛለች። ዘውዷን አየኋት። ታምራለች። ርዕሱ የተከፈተው ለእህቴ ለኢቬረን ደም ለመፈለግ ነበር፤ ሽልማቱ የደረሰኝ ደግሞ እሷ ካረፈች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስለሆነ፣ ደስታዬን በወቅቱ ሳልገልጽልዎ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሽልማት ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ። በመካከሉ ቅሬታ የሚመስል ነገር ቢያጋጥምዎ የአጻጻፍ ጉድለት አድርገው ይለፉልኝ።

1ኛ. ስለ ፊት ገጽ አሠራርዎ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ኢቬረን ጧት በከተማችን ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቱ ደህና ናት፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሙ የደም ዓይነቷ ኦ ኔጋቲቭ መሆኑን፣ በሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲህ ያለ ደም አለመኖሩን፣ እስከ ምሽት ድረስ የሚሰጥ ሰው ካገኘን ግን ሊደርስላት እንደሚችል ነገረኝ። የእኔ ደም አልገጠመም፤ ባሏ ኦርዱም ለሥራ ሌጎስ ነበር። ስልኬ ውስጥ ስሙ ያለ ሰው ሁሉ ጋ ደውዬ ስጨርስ፣ ሦስት ሚሊዮን አባላት ያሉት መድረክዎ ትዝ አለኝ። ይሁን እንጂ በአሥራ አራት ዓመት ልምዴ አንድ ነገር ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ የደም ልመና ፊት ገጽዎ ላይ አይወጣም፤ የሚወጣው መንግሥትን የሚወቅስ ነው። ስለዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ «ደም የሚሰጠኝ ሰው እርዱኝ» ብዬ የጀመርኩትን አጥፍቼ፣ «የአገራችን የጤና ሥርዓት እህቴን እየገደላት ነው፤ መንግሥት ወዴት ነው?» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፊት ገጽ ወጣ። የሆስፒታሉን ስምና የደሙን ዓይነት ከሥር ጽፌ ነበር፤ ርዕሱን ለማሳመር ስደክም ግን የተኛችበትን ክፍል መጻፍ ረሳሁ። ስለ ፈጣን መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ መጀመሪያው አስተያየት ሰጪ። በመድረክዎ ከማንም ቀድሞ መጻፍ ትልቅ ክብር መሆኑን አንድም አባል አያጣውም። አንድ ወንድማችን ርዕሱ በወጣ በአሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ «አንደኛ! ቦታ ይዣለሁ፤ መጣሁ» ብሎ ጻፈ። እኔም ለስንቱ ርዕስ እንዲሁ ቦታ ይዤ ስለማውቅ አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ደም ይዞ የሚመጣ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ገጹን እየከፈትኩ አየሁ። ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ፤ በያዘውም ቦታ ላይ «በጄኔሬተር ጭስ መታፈን በቃ! ቤትዎ ድረስ መጥተን ሶላር እንገጥማለን፣ ዋስትናው የሁለት ዓመት!» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈበት። ገበያው እንዲደራለት እመኛለሁ።

3ኛ. ስለ ውይይቱ ደረጃ። አራት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት፣ አሥራ አንድ ገጽ። ለአንዲት ወላድ ይህን ያህል ሰው ሲጨነቅ ማየት የሚያኮራ ነው። በካናዳ ዊኒፔግ የሚኖር አንድ ወገናችን፣ «ወንድሜ፣ እኔን ያሰደደኝ እኮ ይሄ ነው! እዚህ ደም በአሥር ደቂቃ ነው የሚሰቀልልህ። ውጣ ከዚያ አገር፣ ውጣ!» ብሎ መከረኝ፤ ወዲያውም ሌላው «አንተ በረዶህን ዛቅ፤ ማን ጠራህ?» ሲል መለሰለት። «እኔ ደሜን እሰጥ ነበር፤ ግን ነዳጅ በዚህ ዋጋ እያለ ከሌጎስ ማኩርዲ ማን አባቱ ይነዳል?» ያለም ነበር። በእሱ ምክንያት የነዳጅ ድጎማው መነሣቱ ልክ ነው አይደለም በሚል ሁለት ገጽ ተኩል ተጻፈ። ሁለቱም ወገኖች በቂ ማስረጃ አቅርበዋል። አንዲት እመቤት ደግሞ «በኢየሱስ ስም ትነሣለች! አሜን የማትሉ ራሳችሁን መርምሩ!» ብላ ስልሳ አራት አሜን ሰበሰበች። ከስልሳ አራቱ የደም ዓይነቱን የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ኦ ፖዘቲቭ ነኝ፤ ያስኬዳል?» አለ። አያስኬድም።

«ማስረጃ የታለ? ስንቱ አጭበርባሪ ነው በእህቱ ስም የሚለምን!» ያለውን ሰው አልወቅሰውም፤ እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የምለው። የሕክምና ካርዷን ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩ። ያኔ ስሟ ታየ። «ኢቬረን? ይሄማ የኢቦ ስም ነው» አለ አንዱ። «የቤኒን ነው እንጂ፣ ደፋር!» አለ ሌላው። በዚህ ሦስት ገጽ አለቀ። በመጨረሻ ስሙ የእኛ የቲቭ ጎሳ እንደሆነ፣ ትርጉሙም በረከት ማለት እንደሆነ ስጽፍ «ንስር ዘምዕራብ» የሚባለው አባልዎ፣ «እናንተ ቤንዌዎች ያም ከመብላትና ከመለመን ሌላ ምን ታውቃላችሁ? የሰሜኖቹ ጎረቤት አይደላችሁ? ሰሜኖቹ ይስጧችኋ!» ብሎ ጻፈ።

ኢቬረን ይህን መድረክ አትወደውም ነበር። የተወቀጠ የያም ሥርና የኤጉሲ ፍሬ ወጥ አቅርባልኝ እኔ ስልኬ ላይ እንደተጎለትኩ ስታየኝ፣ «ክቡር ሚኒስትር፣ አገሪቱን አቅንተህ እስክትጨርስ ወጡ ድንጋይ ሆነ እኮ» ትለኝ ነበር። ስሟ ሦስት ገጽ ሙሉ እንዳከራከረ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔ አልሳቅሁም። አላለቀስኩምም። ክፍል ገብቼ ስለ ወንዞች አስተምራለሁ፣ ቤቴ እመለሳለሁ፣ የቀረበልኝን እበላለሁ፤ ምን እንደበላሁ ብጠየቅ አላውቅም።

4ኛ. ስለ ወሰዱት ቆራጥ እርምጃ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ላይ፣ «ይህ ርዕስ በጎሳ ንትርክ ምክንያት ተዘግቷል። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» ብለው ርዕሱን ዘጉት። ከተዘጋ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ ወደ ላይ እየገፋሁ ሳነብ፣ ከመዘጋቱ ዘጠኝ ደቂቃ በፊት ባላራቤ የሚባል አዲስ አባል የጻፈውን አየሁ። «ኦ ኔጋቲቭ ነኝ፤ የትኛው ክፍል ናት?» ይላል። መልሱ ሁለት ቃል ነበር፤ ወሊድ ሦስት። የምጽፍበት ቦታ ግን አልነበረም። አዲስ ርዕስ ከፈትኩ፤ ተመሳሳይ ርዕስ ስላለ ተቀባይነት የለውም ተባልኩ። በግል ልጽፍለት ሞከርኩ፤ አዲስ አባል የግል መልእክት አይቀበልም ተባልኩ። ለእርስዎ ጻፍኩ፤ ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንደማገኝ ወዲያውኑ አረጋገጡልኝ። እህቴ በዚያው ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዐረፈች። መልስዎ በአምስተኛው የሥራ ቀን ደረሰኝ፤ ቀጠሮ አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። ርዕሱ የተዘጋው ከሁሉም በላይ በእኔ በራሴ ጽሑፍ ምክንያት እንደሆነ ካብራሩልኝ በኋላ፣ አገልግሎትዎን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እንድመዝን ጠየቁኝ። አምስት ሰጠሁ። ጣቴ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

5ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ የማስገባበት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው። እንዳልኩት ባላራቤ ከጻፈ በኋላ ዘጠኝ ደቂቃ ነበረኝ። ስልኩ በእጄ ነበር። ኔትወርኩም ያለወትሮው ደህና ነበር። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለንስር ዘምዕራብ መልስ እየጻፍኩ ነበር። ከቤንዌ ወንዝ ጀምሬ ይህችን አገር ማን እንደሚቀልባት አስረዳሁት፤ ከዚያ ወደ እሱ ዘሮች ተሻገርኩ፤ ከዚያም ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ ሰሜኖቹ ዞሬ፣ እዚህ ልደግመው የማፍርበትን ነገር ስለ እነሱ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አንብቤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካከልኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በመካከሉ ነርሷ ከክፍሉ ብቅ ብላ «ሰው ተገኘ ወይ?» አለችኝ። ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሣ «አንዴ ቆይኝ እህቴ፣ እየጻፍኩ ነው» አልኳት። ደም የምፈልግ መስሏት «እግዚአብሔር ይርዳዎ» ብላኝ ተመለሰች።

ጽሑፌን ሠላሳ አንድ ሰው ወደደው። እርስዎ ርዕሱን በእሱ ምክንያት መዝጋትዎ ትክክል ነበር፤ በእርስዎ ወንበር ላይ ብቀመጥ እኔም እዘጋው ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ልጅቱ አሁን ከአክስቶቿ ጋር ናት፤ ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትተኛለች። አንድ ቀን ማንበብ ትጀምርና የእናቷን ስም ስልክ ላይ ጽፋ ትፈልጋለች፤ መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ርዕስ መሆኑን ራሴ ሞክሬ አይቻለሁ። ከሥሩ ደግሞ የአጎቷ ጽሑፍ አለ፤ ሰዓቱም በጎኑ ተጽፏል። ስለዚህ ርዕሱን እንዲያጠፉልኝ፣ ርዕስ ማጥፋት መመሪያዎ የማይፈቅድ ከሆነም የእኔን ጽሑፍ ብቻ እንዲያነሡልኝ፣ የባላራቤን መስመር ግን እንዲተዉልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ዘውዷን ለሚገባው ሰው ቢያዛውሯት ቅር አይለኝም።

መድረክዎ የሰላም፣ ሰላምዎም የማይደፈር ሆኖ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ እርስዎንና ረዳቶችዎን ለሰዓታት ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ቴርኩላ ኢዮርሄሜን
የጂኦግራፊ መምህር፣ የወርቅ አባል

ማስታወሻ፦ ባላራቤ ለቅሶ ሊደርሰን መጥቶ ነበር። ሐውሳ ነው፤ ከእነዚያ ከሰሜኖቹ ወገን፤ ከወንዙ ማዶ ሰሜን ባንክ በሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ያን ዕለት መልስ ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የፈታውን ጎማ እንደተፈታ ትቶ በሞተር ሳይክል ሆስፒታሉ ድረስ መጥቷል። ደም ባንኩ ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምናው ወደ ድንገተኛ እየላከው ወሊድ ሦስት ሲደርስ እኛ አስከሬኑን ተቀብለን ወጥተን ነበር። በማግሥቱ መድረኩን ሲከፍት፣ ገጽ አሥራ አንድ ላይ የጻፈ ሁሉ በጎሳ ንትርክ ለሠላሳ ቀን ሲታገድ እሱም አብሮ እንደታገደ አወቀ። መመሪያዎ ርዕስ ከፋች ስለማያግድ እኔ አልታገድኩም። ባላራቤ አልተቆጣም፤ ጥፋቱን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። በዕድሜው መድረክ ላይ የጻፈው ስድስት ቃል ነው። ከስድስቱ የትኛው ቃል የየትኛውን ጎሳ እንዳስቀየመ ቢገልጹለት፣ ሁለተኛ አይደግመውም።