የዳማ ቀይ መብራት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሁለት በር ብቻ! አባዬ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዛሬ ከሰዓት ግን መሬት ልትስም የደረሰች ቀይ የስፖርት መኪና እየነዳ ግቢ ገባ። እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አንዴ ዞረቻትና «ከኋላ የሚቀመጠውስ በመስኮት ነው የሚገባው?» አለችው።

እሱ አልሰማትም። ሞተሩን አጠፋ፣ ከመቀመጫው ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ በሦስተኛው ወጣ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

«ያንቺ ናት። ስሟ ዳማ ነው።»

አያቱ ዳማ፣ ቀላ ያለ ፈረስ ነበራቸው። አባዬ ስለዚያ ፈረስ ሲያወራ ያየው ይመስላል እንጂ እሱ ከመወለዱ በፊት ነው የሞተው።

ለምን እንደገዛት አልነገረኝም። አውቃለሁ። ከሥራ ከተባረርኩ አራት ወር ሆነኝ። አራት ወር ሙሉ ፊቴን እያየ ሻይ ያመጣልኛል፣ ብርጭቆውን ይዞ ይመለሳል። ዛሬ ሳቅሁ። ስስቅ እንዴት እንዳየኝ መጻፍ አልችልም።

ዕቅዱን ሁሉ ጨርሶታል። ኅዳር አንድ እሑድ ነው፣ ራጉኤልም ነው። እንጦጦ ወጥተን ጸበል እናስረጫታለን። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ጎኔ ይቀመጣል፣ እማዬ በመስኮት ትገባለች። እስከዚያ ከሰፈር አትወጣም፤ ጸበል ያልነካት መኪና ሩቅ አትሄድም፣ ይህ የአባዬ ሕግ ነው።

ስምንት ቀን አለኝ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶ ይነሳ ነበር። እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ከቅዳሴ መልስ አሮጌ ቱታዬን ለብሼ ሥሯ ገባሁ። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት የተማርኩት፣ ያገለገሉ መኪናዎችን ሦስት ዓመት ስመረምር የኖርኩት ለዚህች ቀን ይመስለኛል። ያየሁትን ልጻፍ።

የሞተር ዘይት፦ ንጹሕ። ሞተሩ ድምፁ ያምራል፣ አጉረመረመ እንጂ አልጮኸም።
ሁለተኛ ማርሽ፦ ጠዋት ጠዋት ታኮርፋለች። ሲሞቃት ትገባለች። እንደኔ።
በሮቹ ሥር፦ ዝገት ጀምሯታል፣ ገና ቀላል ነው።
ጎማ፦ የኋላ ግራው ያረጀ። ይለወጣል።
ቀበቶዎች፦ ይይዛሉ። የሾፌሩ ሲመለስ ይሰንፋል።
ዝናብ፦ አንድ ባልዲ ውኃ ጣሪያዋ ላይ ደፋሁ፤ በቀኝ መስኮት ጥግ ትንሽ ታስገባለች። አባዬ «መኪና ነው ወይስ ሕፃን የምታጥቢው?» አለኝ።

ወድጃታለሁ። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ግን ክብሯን ጠብቃ ያረጀች ናት። የቀረኝ የሻንሲ ቁጥሯን አምራቹ ዘንድ ማጣራት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

አላመንኩም። ሦስት ጊዜ አስገባሁት። መጀመሪያ ከሊብሬው ላይ፣ ቀጥሎ አካሏ ላይ ከተመታው፣ ከዚያ እማዬ እያነበበችልኝ። መልሱ አንድ ነው።

አምራቾች ከሸጡ በኋላ ጉድለት ሲያገኙ «መልሱልኝ፣ በነፃ ላስተካክል» ብለው ይጠራሉ። ሪኮል የሚባለው ይህ ነው። ዳማ ተጠርታለች፣ አልሄደችም። መሪዋ ውስጥ ያለው ኤርባግ መለወጥ ነበረበት። የሚነፋው ባሩድ በሙቀትና በዕድሜ ይበላሻል፤ ግጭት ሲመጣ ከረጢቱን በመንፋት ፈንታ ብረቱን ሰብሮ የሾፌሩ ፊት ላይ ይረጨዋል።

እኔ እኮ ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። የተባረርኩበት ነው።

የመረመርኳት የመጨረሻዋ መኪና ነጭ ነበረች፣ አምራቿም የዳማ አምራች ነው። የምርመራ ወረቀቷ ላይ «የሾፌሩ ኤርባግ በአምራቹ ጥሪ መሠረት አልተለወጠም፤ ሳይለወጥ መኪናዋ መነዳት የለባትም» ብዬ ጻፍኩ። የምሠራበት መኪና መሸጫ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሙሉጌታ ያንን መስመር አጥፍቶ ወረቀቱን እንደገና አሳተመው። ፊርማዬ ግን ከሥሩ ቀረ። ለገዢዋ ደውዬ ነገርኳት። በማግሥቱ የስንብት ደብዳቤ፦ «ከባልደረቦቿ ጋር ተግባብታ መሥራት ያልቻለች።» ያንን ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እያወጣሁ አነበዋለሁ፣ ንዴቴ እንዳይበርድ።

ለአባዬ ነገርኩት። ሆዱን መታ መታ አደረገና «ሃያ ስድስት ዓመት ኤርባጌ ይሄ ነበር» አለ። እማዬ «እሱማ ሳይጋጭም ይነፋል» አለች። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ዛሬ ደግሞ ሌላ።

መኪና ቁልፏን ስታዞሪ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ አንዴ ይበራሉ። «አለን» ማለታቸው ነው። ሞተሩ ሲነሳ ደህና የሆነው ይጠፋል፣ የታመመው በርቶ ይቀራል። የዳማን አዞርኩ። የዘይት በራ። የባትሪ በራ። የፍሬን በራ። የኤርባጉ አልበራም። ደግሜ አዞርኩ። ጨለማ።

ጤነኛ ቢሆን በርቶ ይጠፋ ነበር። ጭራሽ ያልበራው አምፖሉን ሰው ስላወጣው ነው። ይህችንም ተንኮል ከዚያው ቤት ነው የማውቃት።

ደሜ ፈላ። መኪናዋን ለአባዬ የሸጠለት ደላላ ዘንድ ደወልኩና ሰላምታ ሳልሰጥ ጀመርኩ። ሌባ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ የሽማግሌ አታላይ አልኩት። ሰውዬው እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እህቴ፣ በእናቴ! መብራቱ በርቶ ነው የሸጥኩት። ለአባትሽ በጣቴ አሳይቻለሁ። ‹አውቃለሁ፣ አሠራዋለሁ› ነው ያሉኝ።»

ውሸታም አልኩትና ዘጋሁት። ደላላ እውነት ሲናገር ማን ያምነዋል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ጋሽ ወርቁ እዚሁ ወሰን ሰፈር ጋራዥ አለው። አባዬ አውቶቡስ ሲነዳ እሱ የዚያው ድርጅት መካኒክ ነበር፤ ሲጣሉም ሲታረቁም አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከሱ አምፖል ልገዛ ሄድኩ። ስነግረው መፍቻውን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። የጠራ መፍቻ ነበር።

«ጋሽ ወርቁ?»

«ልጄ፣ አባትሽን ጠይቂው።»

«እርስዎን ነው የጠየቅኩት።»

መሳቢያውን ከፈተ፣ የክብሪት ቀፎ አወጣ፣ ሰጠኝ። አምፖሏ ውስጥ ነበረች፣ በጥጥ ተጠቅልላ። «እንዳትጠፋ አደራ ብሎኝ ነው» አለ።

በእግሬ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ኪሴ ውስጥ ያለው ቀፎ በየእርምጃው ጭኔን ይነካ ነበር።

አቶ ሙሉጌታ አንድ መስመር አጠፋ። አባዬ አንድ መብራት አጠፋ። አንደኛው ለመሸጥ፣ ሌላው እኔ እንድስቅ። እንዴት አድርጌ ነው ሁለቱን ለይቼ የምናደደው? እራት ላይ ፊቴን አኮስትሬ እንጀራዬን ቆራረስኩ። አባዬ ሽሮው ጨው በዛበት አለ። እማዬ «ጨውስ ከሷ ፊት ነው የረገፈው» አለችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ጠዋት ዳማን ሲያጥብ አገኘሁት። የክብሪቱን ቀፎ ኮፈኗ ላይ አስቀመጥኩለት። ስፖንጁ ከእጁ አልወደቀም፤ ግን ማጠቡን አቆመ።

«ሦስት ቀን ብቻ» አለ። «ራጉኤል ደርሰን እስክንመለስ። ከዚያ ላሠራው ነበር። መብራቱን ካየሽ አትስቂልኝም ብዬ ነው።»

«ሦስት ቀን አይደለም፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ስምንት ነው።»

«እሺ ስምንት።»

ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር። ሌሊቱን ስሰካካው ያደርኩት ንግግር ነበረኝ፣ በጣም ያማረ ንግግር። ያልኩት ግን ይህን ብቻ ነው፦ «አባዬ፣ እኔ እኮ የተባረርኩት አምፖል አላወጣም ብዬ ነው።»

የአጥሩ ጥግ ድረስ ሄዶ ጀርባውን ሰጠኝ። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈስሳል፣ ማንም አልዘጋውም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«አንድ ጊዜ» አለ፣ «ፍሬኗ የማይዝ አውቶቡስ አላወጣም ብዬ ሁለት ወር ከመስመር አውርደውኛል። እናትሽ አርግዛሽ ነበር። ወርቁ ነው ምስክሬ።» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ሲያረጅ የራሱንም ይረሳል።»

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ አልሰማሁም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት «ይህ ግትርነትሽ ከማን ነው?» ስባል ነው የኖርኩት!

ቧንቧውን ዘጋሁት። አቀፍኩት። ቱታዬ ሁሉ ሳሙና ሆነ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

የዳማን መለዋወጫ የሚያስመጣው ያ የተባረርኩበት ቤት ብቻ ነው። በሩን ዳግም አልረግጥም ብዬ ምያለሁ። ዛሬ ረገጥኩ።

አባዬ የሥራ ኮቱን ለበሰ፣ ባለ ወርቃማ አዝራሩን። ጥበቃው ሳያየኝ አላለፈም፤ ጠጋ ብሎ «ያቺ ነጭ መኪና ተመልሳ መጥታ ነበር፣ ልጅት። ባለቤትየዋ ጮኻ ጮኻ መሪዋን ፈትተው ሲቀይሩላት አይቻለሁ» አለኝ። ተቀይሯል! አራት ወር ሙሉ ያቺ ሴት በሕልሜ እየመጣች ነበር። ማንም ደውሎ አልነገረኝም። ጥበቃ ነገረኝ።

አቶ ሙሉጌታ ከወንበሩ ሳይነሳ «ብሌን! ለዕርቅ ነው?» አለኝ።

«አይ። ደንበኛ ነኝ።»

ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አስቀመጥኩ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩ ላይ አየችና አዎ አለች፣ ጥሪው አለ፣ አልተሠራም፣ ዕቃው በነፃ ነው፣ ይታዘዛል፣ ስድስት ሳምንት ግድም። እሱም «በቃ፣ ሰማሽ» አለ።

«በጽሑፍ እፈልጋለሁ። በፊርማና በማኅተም።»

«ምን ያደርግልሻል?»

ይሄኔ አባዬ ኮቱን ሳብ አድርጎ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ልጄ የጠየቀችዎትን ይጻፉላት» አለ። ድምፁን አላነሣም። አርባ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሾፌር በሩን የዘጋበትን ሰው እንዲህ ነው የሚያናግረው።

ጻፈ። «የሾፌሩ ኤርባግ በአምራቹ ጥሪ መሠረት አልተለወጠም። እስኪለወጥ መኪናዋ መነዳት የለባትም።» የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ቃል በቃል ለማለት ትንሽ ይቀረዋል። ከሥሩ የእሱ ፊርማ። ማኅተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው ድም አለ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም። ሥራዬንም አልመለሰልኝም፤ ቢመልስልኝም አልገባለትም። ግን ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከስንብት ደብዳቤው በላይ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጋሽ ወርቁ መፍቻውን ይዞ ራሱ መጣ፣ ፊቱ ጥፋት እንደሠራ ተማሪ። ባትሪውን ነቀለ፣ ኤርባጉ ድንገት እንዳይነፋ ጥቂት ጠበቀ፣ ዳሽቦርዱን ከፈተ፣ አምፖሏንም ባትሪውንም መለሰ። ቁልፉን አዞርኩ። ሁሉም በሩ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሌሎቹ ጠፉ። የኤርባጉ ቀረ፣ ቀይ።

እማዬ አንገቷን አስገብታ «ምን ሆና ነው ዓይኗ እንዲህ የቀላው?» አለች።

ጋሽ ወርቁ አጣራው። መሪው ውስጥ ያለችው፣ ለኤርባጉ ኤሌክትሪክ የምታደርሰው ጥምዝ ሽቦ ተበጥሳለች፤ በዚህ ዓይነት መኪና ዕድሜ የተለመደ ነው። ስለዚህ ኤርባጉ ወይ ጭራሽ አይነፋም፣ ወይ ሲነፋ ይፈነዳል። ዕቃው ሲመጣ ሽቦዋም ኤርባጉም አንድ ላይ ይለወጣሉ።

ከምሳ በኋላ አባዬ ሞከረ። «በሃያ ብነዳትስ? ጠዋት በማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ?» ስምንት ቀን ሲያልመው የኖረ ነገር ነው። ግን ቁልፉን አልሰጠሁትም። ካልሲዬ ውስጥ ነው፣ እየጻፍኩ ይቆረቁረኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ራጉኤል በታክሲ ሄድን። ከወሰን መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ። የመጨረሻውን በእግር። እማዬ ነጠላዋን እየሰበሰበች «ባለመኪና ሆነን በእግር የምንሄድ እኛ ብቻ ነን» ትል ነበር፣ ግን ከሁላችን ቀድማ ደረሰች። ባሕር ዛፉ መሐል ብርድ ነበር። ወደ ታች ከተማው ጭጋግ ውስጥ ነው።

ግቢው ዳር መኪኖች ተሰልፈው ጸበል ይረጫሉ፣ በሮቻቸው ተከፍተው። አባዬ ተራ ያዘ። ከፊቱ አንድ ሚኒባስ፣ ከኋላው አንድ ጭነት መኪና፣ መሐል እሱ በእግሩ፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ። ካልሲዬ ውስጥ ያደረ ቁልፍ እንደሆነ አልነገርኩትም።

ጸበሉን የሚረጩት አባ ደረሱና ግራ ቀኝ አዩ። «መኪናውስ?»

«ቤት ተኝታለች አባቴ። ታማለች።»

«ታዲያ እስክትድን አትጠብቅም?»

«ልጄ ናት የከለከለችኝ፣ አባቴ» አለ፣ ወደኔ እየጠቆመ። እንዲህ ኮርቶብኝ አይቼው አላውቅም፤ ስመረቅም ቢሆን።

አባ ሳቁ። ቁልፉን ረጩት። እሱን ረጩት። እኔን ሲረጩኝ ውኃው አንገቴ ሥር ገባ፣ በረዶ ነው።

ከሰዓት ተመልሰን ዳማ ውስጥ ገባን። እኔ መሪው ጋ፣ እሱ ጎኔ። ሞተሩን አላስነሳሁም፣ ቁልፉን ብቻ አዞርኩ። ቀዩ በራ። የአባዬ ጣት ሳያስበው ወደ ዳሽቦርዱ መስታወት ሄደና መለሰው።

«ሳየው ልቤ ይደነግጣል» አለ።

«ይደንግጥ። ሥራው ነው።»

«ስድስት ሳምንት?»

«ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። አላውቅም።»

የእማዬ ዶሮዎች ከፊታችን ያልፋሉ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ አላኮረፈችም። አባዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገ፣ ዓይኑን ከደነ፣ ቀበቶውን ግን አሰረ። ወዴት እየወሰድኩት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከጀርባው ሲሰማው በኖረው ድምፅ ጮኸ፦

«ራጉኤል ጋ ወራጅ አለ!»