አዛዡን ሌላ ሰው አይነካውም

ጥቅምት 5

ስድስት ግራ ጉልበት ቀባሁ። የዛሬ ሥራዬ ይኸው ነው። ቀኝ ጉልበቶቹ ነገ ይደርሳቸዋል፤ የትም አይሄዱም።

ሰው ቢጠይቀኝ... ማንም አይጠይቀኝም እንጂ ቢጠይቀኝ፣ «ጦር እያደራጀሁ ነው» እላለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በረሃ ለበረሃ የተጋደሉ እግረኞች። ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አንጓ ብዙም አይበልጥም። ራቁት ብረት ሆነው በፖስታ ይመጣሉ፤ ቆዳና ልብስ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አሸዋማ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ርምጃቸው በሜትር ይለካል፣ ዳይስ ይጣላል፣ ይዋጋሉ። የኔዎቹ ቁምጣ ለባሽ ናቸው። የጋሼዎቹ ረጅም ሱሪና ባለጥላ ቆብ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ዕድሜ ልኩን ጠመንጃ ጨብጦ የማያውቅ የጦር መሪ። ሁለት ሕግ አለን፤ ሁለቱንም ያወጣው እሱ። ያልተቀባ አይዋጋም። አዛዥህን ራስህ ትቀባለህ፣ ሌላ ሰው አይነካውም።

ከአምና ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የሱንም ወታደሮች የምቀባው እኔ ነኝ። ጠዋት የራሴን አለብሳለሁ፣ ከሰዓት ጠላቴን አስታጥቃለሁ። በየትኛውም አገር ሕግ ይሄ በስቅላት ያስቀጣል።

አሁን የቀረው የሱ አዛዥ ብቻ። መነጽሩን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሩቅ የሚያይ መኮንን። እሱ ተቀብቶ ሲያልቅ ጦርነቱ ይጀመራል።

«መቼ ነው?» ስለው፣ «በአዛዥ አይቸኮልም» ይለኛል።

እሺ። አልቸኮልኩም።

ጥቅምት 7

መሥሪያ ቤት። የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። አለቃዬ የጨረስኩትን መንጋጋ ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ቀለም ምንድነው?»

«ትንሽ ወደ አሸዋ አደላ መሰለኝ።»

«ሰውየው የሚስቁት በረሃ ውስጥ ነው?»

እንደገና ሠራሁት። አባባሉ ግን ጥሩ ነበር፤ እኔ ብለው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት 12

አዛዡ ጠፋ።

ቅዳሜ ስለሆነ እንደልማዴ ወረድኩ። ሠራዊቱ በሳጥኑ ውስጥ በሰልፍ ቆሟል፤ የአዛዡ ቦታ ባዶ። ጋሼን ጠየቅኩት።

«እዚያው የለም?»

«የለም።»

«እንግዲህ ሄዷል» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሄዷል! የብረት ሰው የት ይሄዳል? ከሶፋው ሥር ተሳብኩ። ከፍሪጁ ጀርባ ገባሁ። ያገኘሁት፦ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ የደረቀ ሎሚ፣ የጋሼ ሚስት ከአምና ጀምሮ የምትፈልገው የጆሮ ጌጥ። ጌጡን ስሰጣት አመሰግናለሁ ብላ እንኳ አልጨረሰችም።

«አንተ ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት አለፈህ እኮ። መሬት ለመሬት የምትድኸው እስከመቼ ነው?»

«እትዬ፣ የጦር መኮንን ከድቷል። ጉዳዩ ከባድ ነው።»

«አንተ ሳታገባ የቀረኸው ለምን እንደሆነ ገባኝ።»

ጋሼ አልሳቀም። ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ሰሞኑን እንደዚያ ነው የሚቀመጠው... በእጁ ላይ።

ጥቅምት 13

ድመት የላቸውም። ድመት ቢኖራቸው ኖሮ ድመቷን እከስ ነበር።

ጥቅምት 19

ዛሬ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን ከረጢት ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩት። ግማሽ ኪሎ አቧራ በብሩሽ እያንዳንዱን ክር አበጥሬ መረመርኩ። የጋሼ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እንዲህ አድርገህ ቤትህን ብታጸዳ ኖሮ...»

አዛዡ የለም።

«ጋሼ፣ ሌላ ልዘዝልህ? በፖስታ በአሥራ አምስት ቀን ይደርሳል።»

«አያስፈልግም።»

«አዛዥ ከሌለ ጦርነት የለማ።»

«ይቅራ። ጦርነት ቀረ ብሎ ያለቀሰ ሰው አለ?»

ቶሎ ነው የመለሰው። በጣም ቶሎ። ይሄ ሰው ለቁርስ ዳቦ ወይም እንቁላል ለመምረጥ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሰው ነው።

ምን ይሆን? ተሰላችቶ ይሆን?... አይመስለኝም። ሳጥኑን ሲከፍት አይቼዋለሁ። ወታደሮቹን አንድ ባንድ በዓይኑ ይለቅማቸዋል፤ በእጁ ግን አይነካቸውም።

ጥቅምት 24

ሐኪም ቤት። አብሬው ገባሁ፤ የጋሼ ሚስት «አንተ ግባ፣ እኔ ስገባ ይዋሻል» አለችኝ። እኔ ስገባም ዋሸ።

ሐኪሙ ወረቀት ሰጠው። «ከመሃል ጀምረው እየዞሩ ወደ ውጭ ይሳሉልኝ፣ እንደ ቀንድ አውጣ።» ሳለ። መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ዞረ፣ ዞረ፣ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀጠለ። ሦስታችንም አየነው።

«የአሸዋ ክምር ካርታ ነው» አለ ጋሼ። «ከላይ ሲታይ።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «አሁን ምን ይሠራሉ?»

«ጦር እመራለሁ።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። ምን ልበለው? «ጠላቱ እኔ ነኝ» አልኩት። አንድ ነገር ጻፈ። ስለሱ ይሁን ስለኔ አላውቅም።

ኪኒኑን ጨመረለት። ስንወጣ ወደኋላ ቀርቼ «እኔ ምን ላድርግ?» አልኩት። «አብሮ መሆን ጥሩ ነው» አለኝ። ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማረው? እኔ ጎበጥ ያለ ጥርስ ቢያመጡልኝ አስተካክላለሁ። «ከጥርሱ ጋር አብሮ መሆን ጥሩ ነው» ብዬ አላውቅም።

ጥቅምት 26

ቅዳሜ። ወረድኩ። ሻይ ጠጣን። ሳጥኑን አልከፈተም። ወጣሁ።

ጥቅምት 29

አዘዝኩ። በድብቅ። ያንኑ መኮንን፣ ያው መነጽር፣ ያው አቋቋም። ሕግ ቁጥር ሁለትን ልጥስ ነው። ራሴን ጠየቅኩ፦ ሰው ላይ ምን ጉዳት አለው? ማንም ላይ የለውም። ጋሼ ደስ ይለዋል፣ ጦርነቱ ይጀመራል፣ እጁ ለብሩሽ ባይሆን ለዳይስ ይሆናል።

ወንጀለኛ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያስበው መሰለኝ።

ኅዳር 14

መጣ። ከሥራ ስመለስ እስኪጨልም ተቀመጥኩበት። ዓይኖቹን አንዲት ፀጉር ብቻ ባላት ብሩሽ ነጥብ ነጥብ አደረግኩ። የመነጽሩን መስተዋት ሰማያዊ አደረግኩለት፣ ሰማይ እንዲያይበት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፊት ቀብቼ አላውቅም።

ከዚያ ደነገጥኩ። በጣም አማረ። ጋሼ እጁ ደህና በነበረበት ጊዜም እንዲህ አይቀባም፤ የሱ ሰዎች ሁሌም ትንሽ እንደፈዘዙ ነበሩ። ስለዚህ አበላሸሁት። አንዱን ዓይን ትንሽ ወደ ጎን ገፋሁት። የጋሼ ሥራ እንዲመስል።

ወንድሜን አስመስዬ ፈረምኩ ማለት ነው።

ኅዳር 17

ዛሬን መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ጋሼ ፊቱን ሲታጠብ አዛዡን ሶፋው ሥር አስገባሁ። ሲመጣ ጎንበስ ብዬ «ውይ!» አልኩ። ተዋናይ ብሆን ኖሮ በረሃብ እሞት ነበር።

«ጋሼ፣ ተገኘ! ሶፋ ሥር!»

ተቀበለኝ። መዳፉ ላይ ትንሹ መኮንን እየዘለለ ነው።

«ሶፋ ሥር?»

«ሶፋ ሥር።»

«ተቀብቶ?»

...ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ሲጠፋ ገና ብረት ነበር። ሃያ ቀን ፊቱን፣ መነጽሩን፣ ዓይኑን ሳስብ ይሄን አላሰብኩም። ቀለም የተቀባ ሰው ሶፋ ሥር! ማን ቀባው? አቧራው?

«ምናልባት... አንተ ቀብተኸው ረስተህ...»

ጋሼ ግራ እጁን ወደ ጋቢው ኪስ... አይ፣ ጋቢ ኪስ የለውም፤ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኛል። ወደ ሹራቡ ኪስ ሰደደ። ሌላ መኮንን አወጣና ከኔው ጎን ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

ዋናው ነው። የጠፋው። ኪሱ ውስጥ ነበር የከረመው።

ፊት የለውም። አፍንጫው ጠፍቷል፣ አገጩ ጠፍቷል፤ ተሞርዶ ተሞርዶ እንደሟሟ ሳሙና ሆኗል። አንገቱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ ያላለቀ ቡናማ ቀለም ቀርቷል።

«እቀባዋለሁ፣ ይበላሻል። አጥበዋለሁ፣ በሞረድ አስተካክላለሁ፣ እንደገና እቀባዋለሁ» አለ። «ፊት እኮ ነው። ፊት ያለ እጅ አይሆንም።»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ እንጃ።»

ከዚያ የኔን አነሳው። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው።

«ቆንጆ ነው። ዓይኑን ግን ለምን አንሸዋረርከው?»

ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ። ጫማዬ እግሬ ላይ ነበር።

ኅዳር 18

ዛሬ ሦስት ጥርስ ሰበርኩ። የሌሎች ሰዎች።

ኅዳር 21

የጋሼ ሚስት ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ፌስታል ይዛለች።

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም።»

«እሱም እንደዚያ ነው የሚለው። ፊታችሁ ግን የተጣላ ነው።» ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረች። «መታጠቢያ ቤት ቆልፎ ይቀመጣል፣ ታውቃለህ? ሆድህን አመመህ ወይ ስለው፣ አዎ ይለኛል። እኔ እኮ ጥፍሬን ቀለም መቀባት ከተውኩ ዓመት አለፈኝ። ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ግን ያልቃል።»

«ታውቂ ነበር?»

«ምኑን ነው የማላውቀው? የጥፍር ሞረዴን አልስልሶ የጠረጴዛ ጠርዝ አስመስሎታል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልታደርግ?»

ትክክል። ምን ላደርግ? ሌላ መኮንን ላዝ?

ፌስታሉን ከፈተችልኝ። አዲስ አሴቶን። «ሲያልቅ እየገዛሁ እዚያው ቦታ አስቀምጥለታለሁ። አይጠይቀኝም፣ አልጠይቀውም» ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ኅዳር 24

ወረድኩ። የኔን መኮንን ኪሴ ከተትኩት፤ ስለሱ አልተነጋገርንም። ጋሼ ራሱ ብሩሹን አነሳ፣ «ያዘኝ» አለኝ።

አንጓውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያሰብኩት እጄ እጁን ያረጋጋዋል ብዬ ነው። የሆነው ግን የሱ እጅ የኔን ማንቀጥቀጡ። ሁለት ጎልማሶች አንድ ብሩሽ ይዘን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በነፋስ ተራገብን። ለአዛዡ ጢም አበቀልንለት። ግንባሩ ላይ።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እሱ ማቆም አቃተው፤ ሳቅ መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩም፣ አንጓውን ግን አልለቀቅኩም። አሴቶኑን ራሱ አንስቶ የአዛዡን ፊት አጠበው። እንደገና ብረት።

«በቃ» አለ። ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ የራሴን ወታደሮች አቧራ ማልበስ ያዝኩ። ይሄ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ያረጀ ወፍራም ብሩሽ ትወስዳለህ፣ አሸዋማ ቀለም ውስጥ ትነክርና በሶፍት ጠርገህ ጠርገህ ሊደርቅ ሲል፣ ቦት ጫማቸውንና ጉልበታቸውን ወዲያ ወዲህ ታሻሸዋለህ። ጥንቃቄ አይፈልግም። እንዲያውም ስትጠነቀቅ አያምርም።

ጋሼ ሲያየኝ ቆየ። «አምጣው እስቲ።»

ሰጠሁት። መኮንኑን ግራ እጁ ላይ አጋድሞ ብሩሹን አስጠጋ። እጁ የራሱን ሥራ ሠራ። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ማንም ሳያዘው። ከጫማው ጀምሮ እስከ ቆቡ አለበሰው። ሲያቆመው ከአሸዋ ማዕበል አሁን የወጣ ሰው ነው። ፊት የለውም... በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥስ ማን ፊት አለው?

«ያልተቀባ አይዋጋም» አልኩት።

«ይሄ አልተቀባም?»

ተቀብቷል። ማን ነው ያልተቀባ የሚል?

መጥፎው ነገር፣ በዚያ አላቆመም። የራሱን ባለቆቦች በሙሉ አቧራ አለበሳቸው። ቀጥሎ የኔዎቹን። ሁለት ወር የለፋሁበትን ጉልበት ሁሉ፣ ቀኙንም ግራውንም፣ አንድ ባንድ እያነሳ በአሸዋ ሸፈነው። ጨው መያዣውንም ነካ ነካ አደረገው። የጋሼ ሚስት አየች፣ ጨው መያዣዋን አላነሳችም። እኔም «ተው» አላልኩም። ተው የሚል አፍ ከየት ላምጣ?

ታኅሣሥ 1

ጦርነቱ ተጀመረ።

ሁለቱ ሠራዊቶች አንድ መልክ ሆነዋል። ቁምጣውን ከሱሪው ለመለየት አጉሊ መነጽር አደረግኩ። ጋሼ ዳይሱን በብርጭቆ አድርጎ ይጥላል፤ መነቅነቁ ነጻ አገልግሎት ነው አለኝ። ወታደሮቹን ግን ሲያነሳ ጎረቤቶቻቸውን ይጥላል። አንዱን ሲያራምድ አራት ይገድላል፣ የራሱን። ስለዚህ እሱ በአፉ ያዛል፣ እኔ በእጄ አራምድለታለሁ።

«ግራውን ክንፍ ወደፊት። አንተ ትንሹ፣ የኔን ግራ ነው ያልኩህ፣ ያንተን አይደለም።»

በገዛ እጄ ሰዎቼን አስከበብኩ። ያስታጠቅኩት ጠላት፣ ያራመድኩት ጠላት... ለስቅላቱ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ከሰዓት ላይ «ይሄን እኔ» አለ። በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ ወታደር አነሳ። ሌላ አልወደቀም። ቀስ አድርጎ ጠረጴዛውን አሻግሮ ፊት የለሹ አዛዥ ጎን አቆመው። ቀና ብሎ አየኝ። በዚህ ሁሉ ወር እጁን ጭኑ ሥር ሳያደርግ የዋለው ዛሬ ብቻ ነው።

በአጉሊ መነጽሬ አየሁት። ቁምጣ ለብሷል። የኔ ነው።

አውቆ ይሆን? አልመሰለኝም። ሜትሩን አንስቼ ርቀቱን ለካሁ፣ «ደርሷል፣ ልክ ነው» አልኩ።

የጋሼ ሚስት ሻይ ልታስቀምጥ ስትመጣ ጎንበስ ብላ አየች። እሷም ምኑን ነው የማታውቀው።

«ይሄ ቁምጣ የለበሰው ያንተ አይደለም እንዴ?»

«ነበር» አልኳት።